የክፍላችን ፍርድ ቤትና የእኔ ጎማ

ሲቪክስ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼ ሁሉን የሚያውቁ መስለውኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ናቸው። «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» ስል ሃምሳ እጅ ይወጣል። የሃምሳውም መልስ አንድ ነው፣ ከነነጠላ ሰረዙ። ያኔ መጽሐፉ አስራ አንድ እሴቶች ነበሩት። ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ፈተና ላይም ይደፍናሉ። እኔም ጎበዝ መምህር ነኝ ብዬ አርፌ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን መጽሐፉን አስዘግቼ «መንግሥት ማነው?» አልኳቸው። ዝም። ቆይቶ ከኋላ ወንበር «ፖሊስ» የሚል ድምፅ መጣ። «ቀበሌ» አለ ሌላው። «ደንብ አስከባሪ» አለ እናቱ መንገድ ዳር የምትነግድ ልጅ። አንዷ ደግሞ «መብራት የሚያጠፋው» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልቆ ነበር። እነዚህ ልጆች ትርጉሙን ይዘዋል፤ ነገሩን ግን ከነጭራሹ አልያዙትም።

በእርግጥ አማርኛችንም ብዙ አያግዛቸውም። ለሀገሩ ሥርዓትም መንግሥት እንላለን፣ ሥልጣን ላይ ላለው ቡድንም መንግሥት እንላለን። «የደርግ መንግሥት ወደቀ» ስንል ሀገሪቱ ወደቀች ማለታችን አይደለም። ቃሉ ራሱ ከ«ነገሠ» የመጣ ነው፤ ንጉሡ ከሄደ ቆይቷል፣ ቃሉ ግን ዘውዱን እንደደፋ አለ። መጽሐፍ ላይ «ሀገረ መንግሥት» የሚባል መለያ አለ፤ ለአስራ አራት ዓመት ልጅ ግን ይህ ቃል ራሱ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ነው።

እናም ታክሲ ሣልኩ። ሚኒባሷ ከነሰሌዳዋ፣ ከነመስመሯ ሀገረ መንግሥት ናት። ሾፌሩና ረዳቱ ሥልጣን ላይ ያሉት ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ ሾፌር እንመርጣለን። ሾፌር ሲቀየር ታክሲዋ ታክሲ ናት። በጣም ኮራሁ በምሳሌዬ።

«ቲቸር፣ ተሳፋሪውስ ማነው?»

«ሕዝቡ፣ ዜጋው።»

«ታክሲዋ የማን ናት?»

«የሕዝቡ።»

«ታዲያ በራሱ ታክሲ ለምን ይከፍላል?»

የዛን ቀን ሙሉ ክፍለ ጊዜው ስለ ግብር ሆነ። ያላሰብኩት ነገር ነው። ግብር አባት ብቻ የሚከፍለው ነገር ይመስላቸው ነበር። የሞባይል ካርድ ስትሞሉ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እየከፈላችሁ ነው ስላቸው ግማሾቹ እንደተዘረፈ ሰው ጮኹ። «እና እኛም ግብር ከፋይ ነና!» አለ አንዱ፣ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ወዲህ ምሳሌዬ ሲሰበር አልደነግጥም። እንዲያውም «ይሄ ምሳሌ የት ጋ ነው የሚሰበረው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ከምሳሌው ይልቅ ስብራቱ ላይ ብዙ ይማራሉ።

ዜግነት ራሱ ብዙ አላስቸገረኝም፤ አንድ ነገር ብቻ። አብዛኞቹ ዜጋ የሚኮነው 18 ሲሞላና መታወቂያ ሲወጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። 18 ዓመት የመምረጫ ዕድሜ ነው። ዜግነት ግን በልደት ይመጣል፤ ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ በቂ ነው። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን እንኳ የሌላ ሀገር ዜጋ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ እንዲህ ይላል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አንዷ ተማሪ ደግሞ አሜሪካ ያለው አጎቷ ቢጫ ካርድ (የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ) ስላለው መምረጥ ይችላል ብላ ድርቅ አለች። አይችልም። የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል፤ ቢጫ ካርዱ ብዙ መብት ይሰጠዋል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጠውም። በማግስቱ «አጎቴ ተናዶብዎታል» አለችኝ።

ዋናው ችግር ሦስቱ የመንግሥት አካላት ላይ ነው የመጣው። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ሦስት ክብ ሥዬ፣ ቀስት አድርጌ፣ ጨርሼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስጠይቅ ቀስቶቹን ሳይቀር ሣሉልኝ። «ሦስቱ ለምን ተለያዩ?» ስል ግን «ሥራ እንዳይበዛባቸው» አሉኝ።

መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደነበር ያየሁት በአጋጣሚ ነው። የክፍል አለቃው እንደወትሮው የረባሾችን ስም ጽፎ አመጣልኝ። ሰባት ስም። እኔም እንደወትሮው ጎማዬን አነሳሁ። አዎ፣ ጎማ ነበረኝ። አጭር፣ ጥቁር፣ ከውኃ ቱቦ የተቆረጠች። እዚህ ላይ ብዋሽ ይቀለኝ ነበር። ከሰባቱ አንዱ እጁን ሳይዘረጋ «በሕግ አምላክ!» አለ፣ ለቀልድ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ጎማዋ እጄ ላይ እንዳለች ቆምኩ።

«ምን አጠፋህ?» አልኩት። «አላውቅም፣ አለቃው ይወቀው።» አለቃውን ጠየቅኩ። «ረበሸ» አለ። መረበሽ ምንድን ነው? መሳቅ? ማውራት? እስክሪብቶ መዋስ? ማንም አያውቅም። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የሚወስነው አለቃው ነው። የሚይዘውም አለቃው ነው። ምስክሩም እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሳልሰማ የምቀጣ ነኝ። «የጠላውን ነው የሚጽፈው!» አለች አንዷ። «እህቱን ጽፎ አያውቅም!» አለች ሌላዋ።

ጎማዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰሌዳው ላይ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብዬ ጻፍኩ። አያቶቻቸው የሚሉት ተረት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ትርጉሙን አያውቁትም ነበር። በቅሎ ያህል ሀብት በፍርድ ቢሄድ ይሻላል፣ ያለ ፍርድ የተወሰደች ቁራሽ ዳቦ ግን ታንገበግባለች። ያኔ ነው ፊታቸው የበራው።

ከዚያ ሥራውን ከፋፈልነው። ቀድሞ እኔ የጻፍኳቸው አስር የክፍል ሕጎች ግድግዳው ላይ ነበሩ። ቀደድናቸው። 1923 ዓ.ም. ላይ የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው እንደ ስጦታ ነው የሰጡት፤ የ1987ቱ ግን «እኛ» ብሎ ይጀምራል። የእኔ አስር ሕጎች የ1923 ዓይነት ነበሩ ማለት ነው። አሁን አስራ አምስት ተመራጮች ሕግ ያወጣሉ። አለቃው ያስፈጽማል፣ ስም ሲጽፍ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ አብሮ ይጽፋል። ሦስት ዳኞች ደግሞ በየሳምንቱ በዕጣ ይወጣሉ። በሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ እነሱ ደግሞ «እስከ ዕረፍት ሰዓት» አሉ። ጥፋተኛ እስኪባል ድረስም ማንም ረባሽ አይባልም።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ሳምንት አደጋ ነበር። የልጅ ዳኛ ጨካኝ ነው። አንዱን ማስቲካ ስላኘከ አንድ ወር ሙሉ ክፍል እንዲጠርግ ፈረዱበት። ሌላውን ደግሞ ማንም እንዳያናግረው። «አብላጫ ድምፅ ነው!» ይሉኛል። የተሳሳትኩት ያኔ ገባኝ። ምርጫና ድምፅ አስተማርኳቸው እንጂ ብዙኃኑም የማይነካው ነገር እንዳለ አላስተማርኳቸውም። ሕገ መንግሥት ለምን ከሌላ ሕግ በላይ እንደሆነ፣ አንቀጽ 9ን በቃላቸው ይዘው እንኳ አያውቁትም። ዛሬ ብጀምር ከእሱ እጀምራለሁ።

አምስት ኮፒ ሕገ መንግሥት ይዤ ገባሁ። «በቅጣት ላይ ገደብ የሚያደርግ አንቀጽ ፈልጉ» አልኳቸው። 106 አንቀጽ ነው፤ ጫጫታው ሌላ ነው። (መሀል ላይ አንዱ «ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ቢጋጭ ማን ይፈርዳል?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይላል፣ እኔም እል ነበር። የእኛ ሀገር ለየት ይላል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።) ከዚያ አንዷ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። አንቀጽ 36፣ ንዑስ አንቀጽ 1፣ ፊደል «ሠ»። አነበበችው። ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል።

«ቲቸር፣ ይሄ "ትምህርት ቤት" የሚለው የእኛንም ይጨምራል?»

ጎማዋ ጠረጴዛው ላይ ናት። ሃምሳ ምናምን ዓይን ከእኔ ወደ ጎማዋ፣ ከጎማዋ ወደ እኔ። ቶሎ ብዬ «አዎ» አልኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት ግን «የሚለው እኮ ሕፃናት ነው» ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ «ልጆች» ስላቸው የተቆጡት፣ ጢም ሊያበቅሉ ደረሱ የሚሏቸው ወንዶች ሳይቀሩ በአንድ ድምፅ «ሕፃን ነን!» ብለው ጮኹ።

ጎማዋን የዛን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ሙሉ በሙሉ ያስወገድኳት ግን ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም እያመነታሁ። ያለ እሷ ክፍል የሚያዝ አልመሰለኝም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህልም አልተያዘም። አንድ አባት መጥተው «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ እንደፈለጉ ይግረፉልኝ» ብለውኛል፤ አንቀጹን ባሳያቸው «ይሄን ለልጅ ታስነብባላችሁ?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። የሥራ ባልደረቦቼም ለጥቂት ጊዜ «ሕገ መንግሥቱ መጣ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የልጆቹ ፍርድ ቤት ሥራ ያዘ። ቅጣቱ ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ፣ ማንንም እንዳያዋርድ የሚል ሕግ ራሳቸው አወጡ። የረባሽ ስም ከሰባት ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ፤ ሕጉን ስለወደዱ ይሁን፣ አለቃው ማስረጃ ማቅረብ ስለሰለቸው ይሁን አላውቅም።

ለሚሞክር መምህር አንድ ነገር ብቻ ልንገር፤ ዳኞቹን በዕጣ አድርጉ። በምርጫ ስናደርገው ቆንጆዎቹና ኳስ ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው የወጡት። ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይግባኝ ይኑር። እኛ ይግባኝ ሰሚ አድርገን ያስቀመጥነው እኔን ነበር፤ ያኔ ችግር ያለው አልመሰለኝም።

ግንቦት ላይ መጥሪያ ደረሰኝ። በደብተር ወረቀት፣ በቀይ እስክሪብቶ። ሕግ ቁጥር 4፣ አርፍዶ መግባት፣ ሁለት ጊዜ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ፤ ዳኞቹ አልሳቁም። የትራንስፖርት ችግር ነው አልኩ። ለተማሪ ያልተቀበልነውን ምክንያት ለመምህር አንቀበልም አሉ። ሦስት ቀን ሰሌዳ እንዳጠፋ ተፈረደብኝ።

«ይግባኝ እላለሁ» አልኩ።

ሦስቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ያቺ ዝምተኛ ልጅ፣ የዛን ሳምንት ዕጣ የወጣላት፣ ቀና አለች። «መብትዎ ነው ቲቸር። ግን ይግባኝ ሰሚው እርስዎ ስለሆኑ፣ ሌላ ሰው እስክንመርጥ ድረስ ሰሌዳውን ያጥፉ» ብላ ዳስተሩን አቀበለችኝ።