ፓኬቱ የወጣው ስንት ሰዓት ነው?

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የአንድ ቢሮ ኔትወርክ የሚይዝ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ወር ደወለና «አቦ፣ አንድ ነገር ለይልኝ፤ የሚዘገየው መስመሩ ነው ወይስ ማሽኑ?» አለኝ። ከድሬ ወደ ሐረር ቅርንጫፋቸው በየሰከንዱ ትንሽ ፓኬት (በኔትወርክ የሚሄድ የመረጃ ጥቅል) የሚልክ ፕሮግራም ጽፏል። መልሱ ሲመጣ ሰዓት ይይዛል። ቁጥሩ አንዴ ዝቅ ይላል፣ አንዴ ድንገት ብዙ ሚሊ ሰከንድ ይዘላል። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው መስመሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ፋይበሩ የደንገጎን ዳገት ይዞ 55 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ደርሶ መልሱ ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብዙም አያልፍም። የቀረው ሁሉ ፓኬቱ የሆነ ቦታ ቆሞ ተራ የጠበቀበት ጊዜ ነው። የት ቆሞ? ይህን ለማወቅ ሰዓቱ የት ላይ እንደተነበበ መጠየቅ አለብን።

የጓደኛዬ ፕሮግራም ሰዓት የሚያየው ፓኬቱ እጁ ከገባ በኋላ ነው። እዚያ እስኪደርስ ግን ስንት በር አለ! የኔትወርክ ካርዱ ፓኬቱን ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን የሚጠራ ምልክት) ይልካል፣ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ተራው ሲደርስ ያነሳዋል፣ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ አይፒውንና ዩዲፒውን፣ አይቶ ሶኬቱ (ፕሮግራሙ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት በር) ወረፋ ላይ ያኖረዋል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ይቀሰቀሳል፤ ያውም ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ካልተያዘ ነው። «አሁን ደረሰ» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ኢንተራፕቱን ለብቻው ላንሳው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካርዱ ለእያንዳንዱ ፓኬት ፕሮሰሰሩን አይጠራም። ከከዚራ ሳቢያን የሚሄድ ባጃጅ ሰው እስኪሞላለት እንደሚቆመው፣ ካርዱም ጥቂት ፓኬት እስኪጠራቀምለት ወይም የተሰጠችው ትንሽ ጊዜ እስክታልቅ ይጠብቃል። ቀድሞ የተሳፈረውም መጨረሻ የገባውም የሚነሱት እኩል ነው። ሹፌሩን «ሰዎቹ መቼ መጡ?» ብትሉት የሚያውቀው የተነሳበትን ሰዓት ነው። ከርነል ውስጥ የሚነበብ ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ ከፕሮግራሙ በጣም ይሻላል፣ ግን ባጃጁ ከተነሳ በኋላ የመጣ ሰዓት ነው። ትክክለኛውን የሚያውቀው ሽቦው ጋ ያለው ካርድ ብቻ ነው።

ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህን ካሰበበት ቆይቷል። ኤስኦ_ታይምስታምፕ የሚባለው የድሮ የሶኬት አማራጭ ፓኬት የገባበትን ሰዓት በማይክሮ ሰከንድ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በከርነል 2.6.30 የኢንቴሉ ፓትሪክ ኦሊ ኤስኦ_ታይምስታምፒንግን አስገባ፤ ለሚገባውም ለሚወጣውም፣ በከርነልም በካርድም የሚያገለግል ነው። በ2011 ደግሞ በሪቻርድ ኮክራን ሥራ ካርዱ ላይ ያለው ሰዓት ለከርነሉ ራሱን የቻለ ሰዓት ሆነ። /ዴቭ/ፒቲፒ0 ብላችሁ የምታገኙት እሱን ነው።

ከአሠራሩ በጣም የምወደው ነገር አለ። የሚጠይቅ ሶኬት ከሌለ ከርነሉ ለሚገባው ፓኬት ሰዓት አያነብም። የሚጠይቅ ሲመጣ ያቺ የኮድ መንገድ ትከፈታለች፣ ሲሄድ ትዘጋለች። በሰከንድ ሚሊዮን ፓኬት የሚያሳልፍ ማሽን የማይፈልገውን ሥራ ዋጋ አይከፍልም። እንዲህ ተጠንቅቆ የተጻፈ ኮድ ሳነብ ደስ ይለኛል።

የመግቢያው ሰዓት ስለዚህ ያለቀለት ነበር። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። የድሬው ማሽን ካርድ አሮጌ ነው። ኢትቱል -ቲ በሚባለው የካርድ መመርመሪያ ትእዛዝ ስጠይቀው ገቢውን እንጂ ወጪውን እንደማይመዘግብ ነገረኝ። ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያዘውን ኮድ፣ ከፍቼ አነበብኩት። የመውጫውን ሰዓት የምትመዘግበውን፣ ኤስኬቢ_ቲኤክስ_ታይምስታምፕ የምትባለውን ፈንክሽን የትም ቦታ አይጠራትም። የጎደለችው አንድ የኮድ መስመር ናት! ይህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ኮድ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል።

አንድ መስመር ናት፤ ግን የት ትግባ? ፓኬቱ የሚወጣው ድራይቨሩ ካርዱን «በል ላከው» ካለው በኋላ ነው፣ ስለዚህ ለእውነቱ የሚቀርበው ከትእዛዙ በኋላ ያለው ሰዓት ነው ብዬ እዚያ አስገባኋት። ሁለት ቀን በደንብ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ጭነት ስጨምርበት ማሽኑ ወደቀ። ምክንያቱን ያገኘሁት ካሳን የሚባለውን የሜሞሪ መርማሪ አስገብቼ ከርነሉን እንደገና ስገነባው ነው። ለካ ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ፓኬቱ የእኔ አይደለም። ካርዱ በፍጥነት ልኮ ይጨርሳል፣ ሌላው የፕሮሰሰሩ ኮር የማጠናቀቂያውን ኢንተራፕት ተቀብሎ ሜሞሪውን ይለቀዋል፣ የእኔ መስመር ደግሞ የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ሰዓት ልትጽፍ ትሄዳለች። መስመሯን ከትእዛዙ በፊት አደረግኳት፤ ካርዱ ከመረከቡ አንድ እርምጃ በፊት። ትክክለኛ ቦታዋም እዚያው ነው። ሰዓቱ በጣም በትንሹ ይቀድማል፣ ግን ማሽኑ አይወድቅም።

ሁለተኛው ያስቸገረኝ የመውጫው ሰዓት ወደ ፕሮግራሙ የሚመለስበት መንገድ ነው። ፓኬቱ ሄዷል፣ ሰዓቱን ማን ያምጣው? ከርነሉ የፓኬቱን ቅጂ ሰዓቱን አስይዞ በሶኬቱ የስህተት ወረፋ በኩል ይመልሰዋል። ሶኬቱን የሚጠብቀው ፖል የሚባለው ጥሪ የስህተት ምልክት ያሳያችኋል፣ ስህተት ግን አይደለም። ኤምኤስጂ_ኢአርአርኪው ብላችሁ ስታነቡ ሰዓቱ እዚያ ይጠብቃችኋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሶኬቱ ተበላሸ ብሎ ዘግቶ ይከፍታል፣ እኔም ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው።

የሐረሩ ማሽን ላይ ያለው የኢንቴል አይ210 ካርድ ነው። የገቢውንም የወጪውንም ሰዓት ራሱ ይይዛል፣ ድራይቨሩም የተሟላ ነው። ቢሆንም ለወጪው ሰዓት ያለው ማስቀመጫ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሳይነበብ ሁለተኛ ፓኬት ሰዓት ቢጠይቅ ይዘለላል። በየሰከንዱ አንድ ለሚልክ ችግር የለውም፣ በብዛት ለሚልክ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ድሬ የላከበት፣ ሐረር የተቀበለበት፣ ሐረር የመለሰበት፣ ድሬ የተቀበለበት፤ አራት ሰዓቶች አሉን። የመውጫ ሰዓት የሚታወቀው ፓኬቱ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ሐረር የመለሰበትን በሚቀጥለው ፓኬት ይልከዋል። ከድሬው ልዩነት ላይ የሐረሩን ልዩነት ቀንሱ፣ የሚተርፈው የመንገዱ ነው። ሁለቱ ሰዓቶች መስማማት እንኳ አያስፈልጋቸውም፣ እያንዳንዱ ልዩነት የተለካው በአንድ ሰዓት ነውና።

መስመሩ ንጹሕ ነው። የሚዘለው የድሬው ማሽን ነበር፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባክአፕ ሲጀምር ፕሮሰሰሩ ይያዛል፣ የጓደኛዬ ፕሮግራም ተራ ይጠብቃል። የካርዱን መጠራቀሚያ ጊዜ ዜሮ ስናደርገው ደግሞ የባጃጇም ጥበቃ ቀረች። ጓደኛዬ የፕሮግራሙንና የአዲሱን ልኬት ግራፍ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «እና መስመሩን ስንት ወር ስንከሰው ነበር?» አለ።

አሁን የሚያጓጓኝ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ነው። መሄጃው ይረዝማል ወይስ መምጫው? ለዚህ ግን ሁለቱ ሰዓቶች መስማማት አለባቸው፣ እዚህ ላይ ደግሞ የድሬ ሙቀት ይመጣል። ሰዓቱን የሚያስኬደው ኳርትዝ ክሪስታል ሙቀት ሲቀያየር ፍጥነቱ ይቀየራል። ከሚሊዮን አንድ ብቻ ቢስት በቀን 86 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በዩፒኤስ ይቀጥላል፣ ማራገቢያው ግን ይቆማል፣ ክፍሉም ይጋላል። ሐረር ከፍታ ላይ ናት፣ ቀዝቀዝ ትላለች። ሁለት ክሪስታል፣ ሁለት አየር፤ አብረው አይራመዱም። ቅዳሜ ሁለት ቴርሞሜትር ገዝቼ አንዱን ሳቢያን ማሽኑ ላይ እለጥፋለሁ፣ ሌላውን ይዤ ሐረር እወጣለሁ።