የዲስክ ጎልፍ ቶርናመንት ደግሼ ያየሁት ጉድ

ሲያትል አካባቢ፣ ሲታክ ኤርፖርት ጎን ነው ምኖረው። ከኤርፖርቱ በስተሰሜን ኖርዝ ሲታክ ፓርክ ሚባል ሰፊ ፓርክ አለ፣ ድሮ የሰው ቤት የነበረበት ሰፈር ነው፣ የአውሮፕላን ጩኸት አላስኖር ሲል ቤቶቹ ተገዝተው ሰው ለቀቀና ዛሬ ጫካና ሜዳ ሆኗል። እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስለምውል ከስራ በኋላ እግሬን ላፍታታ ብዬ እዛ ስዞር ነው ሰዎች ጫካ ለጫካ ሳህን የመሰለ ነገር እየወረወሩ ሲሄዱ ያየሁት። መጀመሪያ ጤነኛ አልመሰሉኝም። ከዛ አንዱ ሽማግሌ ፈረንጅ "ሞክራት" ብሎ አቀበለኝና ወረወርኩ፣ ዛፍ መታሁ፣ ደግሜ ወረወርኩ፣ ያው ዛፍ። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ አለሁበት።

ለማታውቁት፣ እንደ ጎልፍ ነው ግን ኳስም ዱላም የለም፣ ዲስክ ትወረውራላችሁ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ስትከቱ አንዱ ጉድጓድ አለቀ ማለት ነው፣ 18 አሉ፣ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ቅርጫቱን የፈጠረው ኤድ ሄድሪክ ሚባል ሰውዬ ነው፣ በ1975 ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሰራ፣ በአመቱ ደግሞ ፒዲጂኤ የተባለውን የተጫዋቾች ማህበር አቋቋመ። ሰውዬው በ2002 ሲሞት በኑዛዜው መሰረት አመዱን ዲስክ ውስጥ ቀላቅለው ሰሩት። ይሄን ለጎረቤቴ ለእትዬ ስነግራት አማተበችና "በል በዛኛው እንዳትጫወት" አለችኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲታክና ተክዊላ ሀበሻ ሞልቷል፣ ፓርኩ ውስጥም ልጅ በጋሪ እየገፋ ሚሄድ ሀበሻ አታጡም፣ ግን ሚጫወት የለም፣ ቆም ብለው አይተው ይሄዳሉ። አብረውኝ ለሚጫወቱት ልጆች ይሄን ሳወራ "ታዲያ አንተ አታዘጋጅም፣ ሰው አምጣ እንጂ ሌላውን እኛ እናግዝሃለን" አሉኝ፣ እኔም ምላሴ ቀደመኝና እሺ አልኩ። ቲዲ ሆንኩ። ቲዲ ማለት የቶርናመንቱ ሀላፊ ነው፣ በኛ ሲተረጎም የድግሱ ባለቤት፣ ማለትም ሳይበላ ሚውለው ሰውዬ።

ቀኑን ነሀሴ አጋማሽ አደርገዋለሁ ስል እትዬ "ፍልሰታ ላይ? ማን ይመጣልሃል፣ ቢመጣስ ምን ልታበላው ነው?" ብላ አስቆመችኝ። እውነቷን ነው፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወዳለው ቅዳሜ ገፋሁት። የፓርክ ፈቃድ ነገር ጊዜ ይወስዳል፣ ቀድማችሁ ጀምሩት፣ ስለሱ ሌላ ምለው የለኝም።

አሁን የሰራሁትን ስህተት ስሙ። የእንግሊዝኛው ማስታወቂያ ላይ 9 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ደግሞ ያው በኛ አቆጣጠር "ቅዳሜ 3 ሰዓት" አልኩ፣ ጠዋት የሚለውን ቃል ሳላስገባ! ግማሹ ሰው ደውሎ ጠየቀኝ፣ ገሚሱ ገባው፣ ሌሎቹ ግን እዚህ አገር ስንት አመት ኖረው ሰዓታቸው ሁሉ የፈረንጅ ሆኗል፣ 3 ሲባል ከሰዓት ነው ሚመስላቸው። ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ሰዓት ደግሞ በዚህ ጨዋታ ቀልድ አይደለም። ሾትገን ስታርት ሚባል ነገር አለ፣ ሰው ሁሉ ከ1ኛው ጉድጓድ ተራ ጠብቆ አይነሳም፣ በየቡድኑ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ የተለያየ ጉድጓድ ላይ ይቆምና በአንድ ምልክት እኩል ይጀመራል። 44 ሰው ተመዝግቦልኝ ነበር፣ አራት አራት አድርጌ 11 ቡድን። የዘገየ ሰው በህጉ ላመለጠው ለያንዳንዱ ጉድጓድ ፓር (ለጉድጓዱ የተመደበው የውርወራ ብዛት) ላይ 4 ተጨምሮ ይጻፍበታል። እኔ ይሄን አውቄ ለደወሉልኝ ሀበሻዎች ሁሉ "2 ተኩል ላይ እንገናኝ" ብዬ በግል ነግሬያቸዋለሁ፣ ማለትም ለፈረንጆቹ 9 ያልኩትን ለነሱ 8 ተኩል አደረግኩት። አትቆጡኝ፣ ራሴን ስለማውቅ ነው። ሰራ ደግሞ፣ አብዛኛው 3 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከች አለ።

የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ እትዬን አስቀመጥኳት። ይሄ ካረግኩት ነገር ሁሉ ጥሩው ነው፣ ግን አስቤበት አልነበረም፣ ቡና ይዛ ስለመጣች ብቻ ነው እዛ የተቀመጠችው። ከሰል ፓርክ ውስጥ ፈራሁና ቤት አፍልታ በሶስት ፔርሙስ ይዛ መጣች፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ጨመረችበት። ስለ ዲስክ ምንም አታውቅም፣ እንግሊዝኛዋም ያን ያህል ነው፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ካየች "ና አንተ ልጅ፣ ምን ያቆምሃል" ብላ ስኒ ታስይዘዋለች፣ ስኒ የያዘ ሰው ደግሞ ስኒ ከያዘ ሌላ ሰው ጋ ማውራቱ አይቀርም። ጺማም የሆኑ፣ ዲስካቸውን በጋሪ ሚጎትቱ፣ ሃያ አመት የተጫወቱ ሰዎች ቆሎ በኪሳቸው ሞልተው ሲሄዱ ማየት ነው። እኔ በበኩሌ እዛ ወረቀትና እስኪርቢቶ ይዤ ስራመድ ነው የቆየሁት፣ ሰላም ያልኩት ሰው ቁጥር ከእሷ ግማሽ አይሞላም።

ከዛ ገለጻው። ሰው ሰብስቤ ህጉን ልናገር ስጀምር አውሮፕላን። ቆምኩ፣ አለፈ፣ ጀመርኩ፣ ሌላ አውሮፕላን። አውሮፕላን ከሚነሳበት ስር ሆናችሁ ንግግር ማድረግ ምን እንደሆነ አስቡት። ነባሮቹ ህጉን ስለሚያውቁት ግድ የላቸውም፣ አዲሶቹ ግን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ምንም አልሰሙም፣ ይሄ የገባኝ ጨዋታው ተጀምሮ አንዷ እህታችን ደውላ "ወንድሜ፣ 14 ቁጥር የት ነው?" ስትለኝ ነው። ለካ ካርታውን የሰጠሁት ለየቡድኑ አንድ ነው፣ እሱን ደግሞ የያዘው ሰውዬ ቀድሞ ሄዷል። ያችን ልጅ ሮጬ ሄጄ አደረስኳት ግን ላብ በላብ ሆና ደረሰች፣ የመጀመሪያ ውርወራዋን ሰው ሁሉ እየጠበቃት ወረወረች። ብትቀየመኝ ይገባ ነበር። አሁን ቢሆን አንድ ገጽ በአማርኛ አትሜ ለያንዳንዱ እሰጣለሁ፤ ውርወራ 30 ሰከንድ፣ የጠፋ ዲስክ ፍለጋ 3 ደቂቃ፣ ከመስመር ከወጣ 1 ቅጣት፣ ከቅርጫቱ 10 ሜትር ውስጥ ከሆንክ ወርውረህ ወደፊት አትውደቅ፣ ዲስኩ ወደ ሰው ከሄደ "ፎር!" በል። ይሄ ብቻ ይበቃል። አንዱ ጋሼማ ፎር የሚለው ጠፍቶበት "ተጠንቀቁ!" ብሎ ጮኸ፣ ማን ይገባው፣ ሁሉም ግን ጎንበስ አለ።

ዲስክ ለሌላቸው ደግሞ ከልጆቹ ያገለገለ ሰብስቤ አመጣሁ። አደራ፣ ለጀማሪ ድራይቨር ሚባለውን፣ ሩቅ መወርወሪያውን ዲስክ እንዳትሰጡ። ድራይቨር ጠርዙ ስል ነው፣ ፍጥነት ይፈልጋል፣ በቀኝ እጅ ቀስ ብላችሁ ከወረወራችሁት ወዲያው ወደ ግራ ታጥፎ ይወድቃል፣ ሰውየው "እኔ አልችልም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ፓተር ሚባለውን፣ ከቅርብ ቅርጫት ውስጥ መክተቻውን ስጡት፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዱ የሰፈራችን ልጅ ግን "ሩቅ ሚሄደውን" ብሎ ድርቅ አለና ሰጠሁት፣ ሶስተኛው ጉድጓድ ላይ ብላክቤሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተው። እዚህ አገር ብላክቤሪ እሾሁ አጋም ያስንቃል፣ ነሀሴ ላይ ደግሞ ፍሬው ደርሷል፣ ቡድኑ በሙሉ ዲስክ ሊፈልግ ገብቶ እየበላ ቀረ። ከኋላ የነበሩት ቆመው ይጠብቃሉ። ሄጄ ብቆጣ እጃቸው ሁሉ ወይንጠጅ ሆኗል፣ ምን እላለሁ።

በነገራችን ላይ እዛው ቁጥቋጦ ውስጥ የሌላ ሰው ዲስክ አገኙ። ተጫዋች ዲስኩ ጀርባ ላይ ስሙንና ስልኩን ይጽፋል፣ ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር፣ "የሰው እቃ ነው" ብሎ ደወለ፣ ባለቤቱ ከወራት በፊት ጥሎት ተስፋ ቆርጦ ነበርና ያው ቀን ከነልጁ መጥቶ ወሰደ፣ ቡናም ጠጣ።

ትልቁ ስህተቴ ግን የጨዋታው ቅደም ተከተል ነው። ጠዋት ሁሉም ለየራሱ፣ ከምሳ በኋላ ዳብልስ፣ ማለትም ጥንድ ጥንድ አደረግኩት። ጠዋት አዲሶቹ ከአዲሶች ነባሮቹ ከነባሮች ተመደቡ፣ ፍትሃዊ ነው ብዬ። እና አዲሶቹ ማን ተራው እንደሆነ ሳያውቁ ተፋጠው ዋሉ፣ ሁለቱ ምሳ ላይ ሹልክ ብለው ሄዱ። ከሰዓት ዕጣ አውጥተን አንድ ነባር ከአንድ አዲስ አጣመርን፣ ሁለቱም ይወረውራሉ፣ የተሻለችውን መርጠው ሁለቱም ከዛ ይቀጥላሉ። እዚህ ጋ ጀማሪው ቢያበላሽ ማንንም አይጎዳም፣ አንዴ ቢሳካለት ግን ጀግና ነው። ያቺ 14 ቁጥር የጠፋባት ልጅ ከአንድ ጡረተኛ ጋር ደርሷት ከሩቅ ወርውራ አንዴ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች፣ ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ወረወረ፣ ጩኸታቸው ጫካውን አልፎ እኔ ጋ መጣ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል የለ፣ ሃያ አመት የተጫወተውም ዛሬ የጀመረውም እኩል ሲተራረቡ ዋሉ። ይሄን ከጠዋቱ ባደርገው ኖሮ ሁለቱ ልጆች ባልሄዱም ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምሳው ጥሩ ነበር፣ እንጀራ አነሰ። ለ44 ሰው ብዬ ያዘዝኩት ቤተሰብ ሲጨመር አይበቃም፣ የዛሬ ሳምንት ሰርግ የሄደ ሰው እንዴት ይሄን እንደሚረሳ እንጃ።

9 ሰዓት ሆነ፣ ማለትም የፈረንጅ 3። ሽልማት ተሰጥቷል፣ ምልክቱን ነቅለናል፣ እትዬ ስኒዋን አጥባ እየጠቀለለች ነው፣ ሁለት ወጣቶች አዲስ ጫማ አርገው፣ ውሃ ይዘው፣ ፈገግ ብለው መጡ። "ደረስን?" አሉ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ከመኪናዬ አራት ፓተር አወጣሁ፣ እትዬ የቀረችውን ቡና ቀዳችላቸው፣ ጀርባዬ ተቆርጦ እያለ ዘጠኝ ጉድጓድ አጫወትኳቸው። አንዱ መጨረሻው ላይ ሰንሰለቱን ሲያገኘው ድምጹን ሰምቶ ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዛ ዲስኩን አውጥቶ ያንኑ ደገመው።

ሰኞ ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ማክሰኞ 11 ሰዓት ትጫወታላችሁ አሉ፣ የኛ ነው የነሱ?"