ከፓርማ ተነስቶ ፓርማ ላይ ጓንቱን የሰቀለ በረኛ

ዓዘዞ ላይ ቅዳሜ ጠዋት የማሠለጥናቸው ታዳጊዎች ቡድን ሲከፋፈሉ፣ ኳስ አይችልም የተባለው ልጅ ሁልጊዜ በረኛ ይደረጋል። እኔም በልጅነቴ በጎንደር ድንጋያማ ሜዳዎች በረኛ የሆንኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ በግራ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የ12 ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አማካይ ነኝ፤ በር ላይ አልቆምም» ብሎ ዓይኑ እንባ ሲያቀር አጠገቤ አስቀመጥኩትና ስለ ጣሊያናዊው በረኛ ጂያንሉዊጂ ቡፎን ነገርኩት።

ቡፎንም በልጅነቱ አማካይ ነበር። በ1982 ዓ.ም. አገሩ ጣሊያን ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ካሜሩን በመክፈቻው ጨዋታ አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸንፋ እስከ ሩብ ፍጻሜ ስትጓዝ፣ በረኛዋ ቶማስ ንኮኖ የ12 ዓመቱን ልጅ ልብ ወሰደው፤ ልጁም አማካይነቱን ትቶ በር ላይ ቆመ። ከዓመታት በኋላ የበኩር ልጁን ሉዊስ ቶማስ ብሎ የሰየመው በንኮኖ ስም ነው። ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ በላይ ይህ ይበልጥብኛል፤ ዘመኑ ያደነቀውን በረኛ ወደ በር የሳበው አፍሪካዊ ነውና።

በ17 ዓመቱ፣ ኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ክለቡ ፓርማ ጆርጅ ዊሃና ሮቤርቶ ባጂዮ ከተሰለፉበት ሚላን ጋር ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ሊግ ተሰለፈ፤ ጨዋታውም ያለ ግብ ተጠናቀቀ። በ1993 ዓ.ም. ወደ ጁቬንቱስ ተዛወረ።

ሐምሌ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት የበርሊኑን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያየሁት ፒያሳ አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት፣ ግማሻችን ቆመን ነበር። በተጨማሪው ሰዓት የፈረንሳዩ ዚዳን ከቅርብ ርቀት በጭንቅላቱ የገጫትን ኳስ ቡፎን ወደ ላይ ተወርውሮ በቀኝ እጁ ጣቶች ከአግዳሚው በላይ አወጣት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ የራሴን ጣቶች እያየሁ ነበር፤ በር ላይ ያልቆመ ሰው ያቺ ኳስ ስንት ልምምድ እንደጠየቀች በቀላሉ አይገባውም። በዚያ ውድድር የተቆጠሩበት ሁለት ግቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱን የራሱ ተከላካይ፣ ሌላውን ዚዳን በፍጹም ቅጣት ምት።

በዚያው ክረምት ጁቬንቱስ በዳኞች ምደባ ቅሌት ወደ ሴሪ ቢ እንዲወርድ ተፈረደበት። የቡድን አጋሮቹ ካናቫሮና ኢብራሂሞቪች ሲለቁ፣ የዓለም ዋንጫን በእጁ የያዘው ቡፎን ግን ከክለቡ ጋር ወርዶ በሁለተኛው ሊግ ተጫወተ፤ በዓመቱም አብሮ ተመለሰ። እኔ ታላቅ ሰው መሆኑን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ግን ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ አላገኘውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ኅዳር 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ጣሊያን በደርሶ መልስ በስዊድን ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ስትቀር፣ ቡፎን በእንባ ታጥቦ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተናል። እኔ የማልረሳው ግን ከጨዋታው በፊት የሆነውን ነው፤ ተመልካቹ የስዊድንን መዝሙር በፉጨት ሲያውክ እሱ ግን ያጨበጭብ ነበር።

ለአንድ ዓመት ፓሪስ ቆይቶ፣ ወደ ጁቬንቱስ ተመልሶ፣ በ2013 ዓ.ም. በሁለተኛው ሊግ ወደነበረው ፓርማ ገባ። ሐምሌ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ፣ ውሉ ገና አንድ ዓመት እየቀረው፣ ጓንቱን ሰቀለ። ለጣሊያን 176 ጊዜ፣ በዋናው ሊግ በሴሪ ኤ ደግሞ 657 ጊዜ ተሰልፏል።

ልጁ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ ስለ ቡፎን ምንም አልጠየቀኝም። «ንኮኖስ ጋሼ፣ ካቆመ በኋላ ምን ሆነ?» አለኝ። በስፔኑ ኤስፓኞል ለዓመታት በረኞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል አልኩት።