ያለ ኮምፓስ አቅጣጫ መፈለግ፦ የፈረንጅ መመሪያ እኛ ጋ ሲመጣ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ያለ ኮምፓስ አቅጣጫ ስለማግኘት የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተዘጋጀው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እኛ እንዳለ ተርጉመን ፎቶ ኮፒ እናደርገዋለን፣ ስልጠና እንሰጥበታለን፣ ሰርተፍኬት እናድልበታለን። አገራችን ከምድር ወገብ በላይ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ውስጥ መሆኗን ግን ማንም ልብ አይልም። ይቺ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለችም። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ታደርሳለች፣ እኛንም አድርሳናለች።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ በምዕራብ ትጠልቃለች። እውነት ነው፣ ግን በግርድፉ። ልክ በምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ተጠግታ ትወጣለች። ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብትጨብጡ የቡጢው ስፋት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፤ እንግዲህ ሁለት ቡጢ ከግማሽ ገደማ ማለት ነው።

የዛፍ ሽበት በሰሜን በኩል ነው የሚበቅለው የሚባለውን እርሱት። ወፍ ዋሻ ደን ግቡና ጥዱን እዩት። ዙሪያውን ነው የለበሰው።

ማታ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ ይባላል። ፈረንጅ አገር ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ሸዋ ላይ ግን ከአድማስ አንድ ቡጢ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ፊታችሁ ተራራ ካለ አለቀ። እኔ የምወደው በመስመር የተደረደሩትን ሦስቱን ኮከቦች ነው፣ የኦርዮን መቀነት የሚባሉትን። የትም ብትሆኑ በምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ ይገባሉ፤ ስህተታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በግንቦት ደግሞ አመሻሽ ላይ የደቡብ መስቀልን ፈልጉ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ከግርጌው ያለው አድማስ ደቡብ ነው። ይሄን ለንደን ያለ ሰው አያየውም፣ እኛ እናየዋለን፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ሰው የሠራውን ምልክት ደግሞ መናቅ አያስፈልግም። "የተፈጥሮ ምልክት ብቻ" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ ለጠፋ ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ራሱ ኮምፓስ ነው። ካህኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው የሚቀድሰው፣ ዋናው በር በምዕራብ ነው፣ ወንዶች በሰሜን ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ። መስጊድ ካያችሁ ደግሞ ቂብላው፣ ማለትም የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው። መካ ለአዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው 5 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ከአንኮበር ከሆነ ቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ከአንኮበር በታች ቆላው የአርጎባ አገር ነው፣ መስጊድ አይጠፋም። ሐረር ከሆናችሁ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላል። ይሄን ማንም ስልጠና ላይ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምክር "ወንዝ ተከተል፣ ሰው ጋ ያደርስሃል" የሚለው ነው። የት አገር? ደጋችን ላይ ሰው የሚኖረው ሜዳው ላይ ነው። ወንዙ የሚሄደው ሸለቆ ነው። የጀማን ወንዝ ገደል ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ይሄን ምክር ደግሞ አይሰጥም። ወንዝን አትከተሉት፣ ጠይቁት። ከአንኮበር በላይ ያለው ደጋ ውኃውን ለሁለት የሚከፍል ነው። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው በበሬሳና በጀማ በኩል አባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ገደሉን ይዞ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ ቀስ እያለ የሚፈስ ውኃ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ምዕራብን ያሳያችኋል። ቁልቁል የሚንደረደር ከሆነ ግን ተመለሱ፣ ገደሉ ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ግንቦት መጨረሻ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው የእግር ጉዞ መሪዎች ስልጠና ላይ ነበርኩ። የመጨረሻው ቀን የተግባር ልምምድ ነው። ከአንኮበር በላይ ካለው የጓሳ ሣር ሜዳ ተነስተን፣ በስተምዕራብ ጠጠር መንገዱ ላይ ወደቆመችው መኪና መመለስ። ስልካችን ተሰብስቦ፣ በፌስታል ታስሮ፣ መኪናዋ ውስጥ ቀረ። እንዳናጭበረብር ነው። የአካባቢ ሰው ይኑር ስንል "ልምምዱ ይበላሻል" ተባለ። ይሄን ያለው ሰው ቢሮው ውስጥ ነው የዋለው።

አሠልጣኛችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። እግራቸውም ከኛ ይበልጣል። ችግሩ በእጃቸው ያለችው ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ ላይ የሰዓት ሥዕል አለ። ሰዓቱን አግድም ያዝ፣ አጭሩን ቆጣሪ ወደ ፀሐይ አዙር፣ በእሱና በ12 ቁጥር መካከል ያለው ግማሽ ደቡብ ነው ትላለች።

7 ሰዓት ላይ ጋሼ ሰዓታቸውን አውልቀው መዳፋቸው ላይ አጋደሙ። ጉሙ ከገደሉ በኩል መምጣት ጀምሯል፣ ፀሐይዋ ግን በስሱ ትታያለች። 7 ቁጥርን ወደ ፀሐይ አደረጉ። ከ12 ጋር አካፈሉ። 9 ተኩል ላይ ወጣ። "ያ ደቡብ ነው፣ እንግዲህ ምዕራብ ይሄ ነው" አሉና መንገድ ጀመሩ። ተከተልናቸው።

እስቲ ልብ በሉ። የጋሼ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። ሥዕሏ ደግሞ ቀትር ላይ ቆጣሪው 12 ላይ ለሚውልለት ሰው ነው የተሣለችው። እኛ ጋ ቀትር 6 ነው! ቤት ገብቼ በወረቀት ስሠራው፣ ያን ጊዜ ደቡብ ያሉት ሰሜን ምሥራቅ ነበር። ምዕራብ ብለው የመሩን ደቡብ ምሥራቅ ነው። ወደ መኪናዋ ጀርባችንን ሰጥተን፣ ጉሙ ወደሚወጣበት ገደል።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ነፋሱ ተቀየረ። ከታች ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ፣ የቆላ አየር። ጓሳው አልቆ የአስታ ቁጥቋጦ ጀመረ፣ መሬቱም ቁልቁል ማዘንበል ያዘ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሰው ፊት ምን ትላቸዋለህ? ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ሰዓትዎ በኛ አይደል የተሞላው?" አልኳቸው። ቆም ብለው አዩት። ሳቁ። "ውይ፣ እውነትህን ነው" አሉና በጭንቅላታቸው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየሩት። 7 ከ40 የነበረው 1 ከ40 ሆነ። እንደገና አካፈሉ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

እኔን ያበሸቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰዓቱ ሲስተካከልም አቅጣጫው አልተስተካከለም። አሁን "ምዕራብ" ብለው የጠቆሙት ሰሜን ነው። "ደቡብ" ያሉት ደግሞ መኪናችን ያለችበት ምዕራብ። ለምን? ወረቀቷ ፀሐይ ቀትር ላይ ደቡብ ናት ብላ ስለምታምን ነው። ሸዋ ላይ ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ወደ ሞያሌ ስትሄዱ ይህ ጊዜ ይረዝማል፣ ወደ ትግራይ ያጥራል እንጂ የትም አይቀርም። የቀረው ጊዜስ ይሠራል? አይሠራም። መስከረም ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ፀሐይ ገና ምሥራቅ ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ ሽቅብ ነው የምትወጣው። የሰዓቱ ዘዴ ግን ደቡብ ምሥራቅ ደርሳለች ብሎ ያስባል። ከ30 ዲግሪ በላይ ይሳሳታል። ይቺ ዘዴ ለኛ አገር ጨርሶ አትሆንም፣ በቃ።

ጥላውን እንይ አልኩ። "ጊዜ የለንም፣ ጉሙ እየመጣ ነው" አሉ። ጉሙ ስለመጣ አይደል እንዴ የምንፈልገው! ደግነቱ ሁለት ሴት ሠልጣኞች "እግራችን ደክሟል፣ ትንሽ እንቀመጥ" አሉ። የደከማቸው አይመስለኝም። እነሱ ሲቀመጡ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ።

ጓሳ ላይ ጥላ አይነበብም፣ ሣሩ ይውጠዋል። ፍልፈል የቆፈረው አዲስ አፈር ፈልጌ በእጄ ደልድዬ ዱላዬን ተከልኩ። አንድ ሜትር የምትሆን ዱላ ናት። የጥላዋ ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር አስቀመጥኩ። ጥላው ስስ ነው፣ ጫፉ ይደበዝዛል፣ ጉም ሲያልፍ ጭራሽ ይጠፋል። ተንበርክኬ ፊቴን አፈሩ ላይ ደፍቼ ነው የጠበቅኩት። 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቼ ሁለተኛ ጠጠር አኖርኩ። በሁለቱ መካከል የአንድ መዳፍ ስፋት የሚያህል ርቀት አለ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ ነው፣ ሁለተኛው ምሥራቅ። ፀሐይ በሰሜንም ትሁን በደቡብ ይህ አይገለበጥም፣ የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው። ቀትር አካባቢ ደግሞ ከጠዋትና ከማታ ይበልጥ ልክ ይሆናል። የሸዋ ቀትር ግን በሰዓታችን 6 ከ20 አካባቢ መሆኑን አትርሱ፤ የአገሪቱ ሰዓት የሚቆጠረው ኦጋዴን ላይ በሚያልፈው መስመር ነው።

ጋሼ ከአጠገቤ ቆመው ጠጠሮቹን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወረቀቷን አዩ። "መጽሐፉ እንዲህ አይልም" አሉ። እኔም "ጋሼ፣ ጥላው ወደ የት ነው የወደቀው?" አልኩ። ከዱላዋ ግርጌ ወደ ጫፉ ያለው ደቡብ ምሥራቅን ያሳይ ነበር። ፀሐይዋ ደቡብ ብትሆን ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቅ ነበር። ዝም አሉ። ከዚያ እሺ ምራን አሉኝ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ፣ ብዙ ሰው እሺ አይልም።

በጠጠሮቹ መስመር ሩቅ ያለ ቋጥኝ መረጥን፣ እሱ ጋ ስንደርስ ሌላ። ጉሙ ሲዘጋን አንዳችን ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ወደፊት ይሄዳል፣ የቀረነው ግራ ቀኝ እያልን እናስተካክለዋለን። ቀርፋፋ ነው ግን ይሠራል። ጓሳው ተመለሰ። ቀስ ብላ የምትፈስ ውኃ አገኘን፣ እኛ ወደምንሄድበት ነበር የምትሄደው። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ መንገዱን ጠየቅን፣ "እዚችው ናት" አሉን። ገጠር የሄደ ሰው እዚችው ስንት እንደሆነች ያውቃል። የደረስነው ሲመሽ ነው።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ያቺ ገጽ ትውጣ አልኩ። ሥዕልም ሠርቼ ነው የሄድኩት። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ "ማኑዋሉ የተላከልን ነው፣ መቀየር ሥልጣናችን አይደለም፣ በደብዳቤ አስገባ" አለኝ። አስገባሁ። መልስ የለም። ከእኔ በኋላ የሠለጠነ ጓደኛዬ ወረቀቱን አሳየኝ፣ የሰዓቷ ሥዕል አለች፣ እንዲያውም በቀለም ታትማለች።

እኔ አሁን ሰው ይዤ ስወጣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ዱላ እናቆማለን፣ ሁሉም ሰው በየራሱ ጠጠር። ከአካባቢው ሰው እንይዛለን፣ ተገቢውን ክፍያም እንከፍላለን። ስልክ አልሰበስብም። ባትሪው ሞልቶ፣ ጂፒኤሱ በርቶ፣ በየሰው ኪስ ይቀመጥ። ልምምዱ ይበላሻል የሚል ካለ ይበላሽ።