ዛሬ አዳማ ገበያ ዳር

ዛሬ አዳማ ገበያው ዳር ለአህዮችና ለጋሪ ፈረሶች በነጻ የሚያክም በጎ አድራጎት ድርጅት መጥቶ ነበር። ላያቸው ቆምኩና እዚያው ዋልኩ።

አንዷ አህያ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ አለ፤ ዝንብ ወርሮታል። ባለቤቱ ይሻላታል ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተዋታል። ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ የልጆቻቸው እንጀራ እሷ ናት። ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም። «አባባ፣ ዘይቱ ቁስሉን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም» አለቻቸውና በጨው ውሃ ቀስ እያለች አጠበችላት። አህያዋ ንቅንቅ አላለችም። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዝም ስላለች ደህና ናት ማለት አይደለም።

አንጀቴን ያራሰው ግን ቀጥሎ ያየሁት ነው። ከአሮጌ ብርድ ልብስና ከጆንያ የጭነት መደላድል አሰፋፍ አሳዩዋቸው። መሃሉ ክፍት ነው። ጭነቱ አከርካሪዋን ሳይነካ ግራና ቀኝ ያርፋል። ቆዳዋን የሚቆርጠውን የናይለን ገመድም በሰፊ ጠፍር ቀየሩላት። መድኃኒት ብቻ ሰጥተው ቢሄዱ ገጣባው መመለሱ አይቀርም ነበር።

በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ አገር ነው። ውሃው፣ እህሉ፣ አሸዋው የሚደርሰን በእነሱ ጀርባ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝቡ አጉረምርሞ ሲዘጋ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጭነት ላይ ላሉትም እንደዚያ እንቆርቆርላቸው።

ሐኪሞቹ ነገም ጠዋት እዚያው ናቸው። ጋሪ ነጂ ጎረቤት ያላችሁ ንገሩልኝ።