አራት ኪሎ ላይ ኤታኖል በ78 ዲግሪ አይፈላም

ከውጭ የመጣ አሠራር «በኤታኖል ሪፍለክስ፣ 4 ሰዓት» (ኤታኖሉን እያፈሉ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ እየመለሱ) ካለ፣ አጸግብሮቱ (ኬሚካዊ ለውጡ) የተካሄደው በ78 ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ኪሎ ላይ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነን። የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ ኤታኖል በ71 ይፈላል፤ ውሃ በ92፣ ሜታኖል በ57 ወይም በ58፣ ቶሉይን በ101 ገደማ። ማሞቂያውን ከፍ ቢያደርጉት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የፍላስኩ ሙቀት ንቅንቅ አይልም።

ሰባት ዲግሪ ምን አላት ይባላል። የአክቲቬሽን ኢነርጂው (ለመጀመር የሚጠይቀው ጉልበት) በሞል 80 ኪሎጁል ለሆነ አጸግብሮት ፍጥነቱን ወደ 1.8 እጥፍ ትቀንሰዋለች፤ የ4 ሰዓቱ ሥራ 7 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ4 ሰዓት አቁሞ ምርቱ ስላነሰ ካታሊስት (አፋጣኝ) መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ የፍላስኩን ውስጥ በቴርሞሜትር መለካት፣ ቀጥሎ በሰዓት ሳይሆን በቲኤልሲ ወይም በኤችፒኤልሲ (ድብልቁን ለያይተው ምን እንደቀረ በሚያሳዩ ዘዴዎች) እየተከታተሉ መጨረስ። ግፊት የሚችል የብረት ሪአክተር ካለ በናይትሮጅን 0.25 ባር ያህል ጨምሮ የባሕር ጠለሉን ሁኔታ መመለስ ይቻላል። የመስታወት ዕቃ ላይ ግን ይህን አትሞክሩት።

የቫኩም ጌጅም ያሳስታል። አብዛኛው ርካሽ ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ፣ እዚህ ፍጹም ባዶ ቢደረግ እንኳ ከ−0.76 ባር አያልፍም። «በ−0.8 ባር አድርቅ» የሚል ወረቀት ይዞ ፓምፕ መፍታት የለም፤ የባሕር ጠለሉ −0.8 እዚህ −0.55 ነው። የቫኩም ቁጥር ሁሉ በፍጹም ግፊት (ከባዶ ተነስቶ በሚቆጠር) ይጻፍ።

አሁን የላብራቶሪውን አሠራር ወደ ፋብሪካ መጠን ወደ ማሳደጉ። ፓራሲታሞልን እንውሰድ፦ ፓራ-አሚኖፊኖል፣ አሴቲክ አንሃይድራይድና ውሃ። (አንሃይድራይዱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ፈቃዱን ከዕቅዱ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት።) በ50 ሞል ልክ 5.46 ኪሎ አሚኖፊኖል በ20 ሊትር ውሃ፣ 5.6 ኪሎ አንሃይድራይድ፤ አንድም ሳይባክን 7.56 ኪሎ ፓራሲታሞል ይወጣል።

በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ አንሃይድራይዱን ባንዴ ቢደፉት ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ይወጣል። ወደ 50 ሊትር ዕቃ ሲያድግ ግን ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ ወደ 8 እጥፍ ይቀንሳል። የሚለቀቀውን ሙቀት በሞል 100 ኪሎጁል ብለን ብንገምት (ትክክለኛው በካሎሪሜትር ይለካ) ድምሩ 5 ሜጋጁል ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ድብልቁን ከ45 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል። ከ50 ከተነሳ 92ን ያልፋል፤ እዚህ ከተማ ያ ማለት ገንፍሎ በኮንደንሰሩ መውጣት ነው።

ስለዚህ በጠብታ ይጨመራል። በአንድ ሰዓት ከተዳረሰ ሙቀቱ 1.4 ኪሎዋት ነው። ጃኬቱ (ዕቃውን የከበበው የማቀዝቀዣ ውሃ ሽፋን) 0.6 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በካሬ ሜትር በዲግሪ 150 ዋት ቢያሳልፍ፣ ድብልቁ በ50፣ ውሃው በ20 ዲግሪ ሆኖ 2.7 ኪሎዋት ማውጣት ይችላል፤ ይበቃል። በ15 ደቂቃ ልጨርስ ያለ ግን 5.6 ኪሎዋት ይጠብቀዋል፤ አይችለውም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ በፓምፕ ማዞር ይሻላል፤ 5 ሜጋጁሉ በሙሉ ቢገባበት የሚሞቀው በ1.2 ዲግሪ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው መብራት መሄዱ ነው። ማማሰያው ሲቆም አንሃይድራይዱ ከውሃ ስለሚከብድ (ጥግግቱ 1.08 ነው) ታች ይተኛል። መብራት ሲመጣ ማማሰያው ሁሉንም ባንዴ ያገናኘዋል፤ ያኔ ጃኬቱ አይደርስለትም። አንሃይድራይዱን ከላይ በተሰቀለ ማጠራቀሚያ በስበት ማንጠባጠብ ቀላልና ርካሽ ይመስላል፣ ግን ማማሰያው ቆሞም መፍሰሱን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ በስፕሪንግ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ሳይገጠም መጀመር የለበትም። ከቆመ በኋላም ማማሰያውን በዝግታ፣ ቆም እያሉ ማስነሳት ነው።

አሚኖፊኖል አየር ሲነካው ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ ምርቱ ይከተላል። ናይትሮጅን ከላይ፣ ትንሽ ሶዲየም ዳይታዮናይት (መቡነኑን የሚከላከል) ውስጡ፣ ካስፈለገም ቀለም የሚመጥ ከሰል። ከሰሉ ሲጣራ ማጣሪያው ቀድሞ ካልሞቀ ክሪስታሉ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል።

ብዙ ምርት የሚጠፋው ግን ማጥራቱ ላይ ነው፤ ማለትም በሙቅ ውሃ አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ እንደገና ክሪስታል ሲደረግ። ፓራሲታሞል በሚፈላ ውሃ 1 ኪሎው 20 ሊትር ያህል ይጠይቃል፤ 7.5 ኪሎ ለማሟሟት 150 ሊትር ማለት ነው፣ በ92 ዲግሪ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ሊትር 14 ግራም ያህል ይዞ ይቀራል። ድምሩ 2.1 ኪሎ፣ ከምርቱ ከሩብ በላይ! ወደ 5 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ይረዳል፤ ክሪስታሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የቀረውን ውሃ ለሚቀጥለው ዙር ማሟሟያ ማድረግ ደግሞ የበለጠ ያተርፋል። ችግሩ ያልተለወጠው አሚኖፊኖል በየዙሩ እዚያው ውሃ ውስጥ መጠራቀሙ ነው። ፋርማኮፒያዎቹ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጻሕፍቱ) በፓራሲታሞል ዱቄቱ ውስጥ የሚፈቅዱት ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) አይበልጥም። ስለዚህ በየዙሩ በኤችፒኤልሲ ይለካል፣ ከውሃው የተወሰነው ተደፍቶ በአዲስ ይተካል፤ ምን ያህሉ እንደሚደፋ የሚወስነውም የልኬቱ ውጤት እንጂ የፋብሪካው የውሃ ወጪ አይደለም።