ሥራዬን የሚያወጣው ወሩ ነው

«ለመሆኑ ዋናው ሥራህ የቱ ነው?» ይሉኛል። ወሩን ሳላይ መመለስ ይከብደኛል።

የጀመርኩት በ1985 ዓ.ም መርካቶ ውስጥ ታፔላ በመጻፍ ነው። ቆርቆሮውን ፀረ ዝገት መቀባት፣ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ መስመር ማስመር፣ ከዚያ ፊደል። ፊደላችን ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ተንኮለኛ ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለያት አንዲት ጭረት ናት። ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ከሆነች «ቡ»፣ ግርጌ ከወረደች «ቢ»። ሦስተኛው ሥራዬ ላይ ጭረቷን አወረድኳት። ባለቤቱ መንገድ ተሻግሮ አነበበና «ቢና ቤት ምን የሚሸጥበት ነው?» አለኝ። በራሴ ቀለም ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ከማስረከቤ በፊት መንገድ ተሻግሬ አየዋለሁ።

ክረምት ሲገባ ታፔላ ቆመ። በዝናብ ቀለም አይደርቅም። ሐምሌ ላይ ኪሴ ባዶ ሲሆን አንድ ጓደኛዬ የመድረክ ትዕይንት የሚሠራ ሰው ወደሚፈልግ የቴአትር ቡድን ወሰደኝ። አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ቀለም እንዳይመጥ ኮላ ቀብቼ፣ የሳሎን ግድግዳ ሠራሁ። ያማረ ሰማያዊ! ማታ ቢጫው መብራት ሲበራ ግድግዳው የአመድ መልክ ያዘ። አዘጋጁ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቀለም በሚታይበት መብራት ሥር ነው የሚመረጠው።

እናቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እጠቅስላት ነበር፤ ሠዓሊም ገጣሚም ነበሩ። ተስፋዬ ገሠሠም ተዋናይ፣ አዘጋጅና ደራሲ። «እነሱ እነሱ ናቸው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እኔም ሁለቱን ዛፍ በአንድ ቀን አልወጣሁም፣ በየወሩ ነው።

ቪዲዮ የመጣው ካሜራ ከተከራየሁ በኋላ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። እዚህ ላይ ያጠፋሁትን አልረሳውም። ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ለመሳም ዝቅ ስትል ባትሪው አለቀ። እንዲደግሙት ለመንኩ። ሙሽሪት እሺ አለች። እናትየው ግን «አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ ልጄ፣ ከየት አምጥቼ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ባትሪ ይዤ ነው የምሄደው፤ ጉልበት ሊሳም ሲል የሞላውን አስገባለሁ። ሌላም ተማርኩ። ቀብድ ግማሽ፣ ቀሪው ካሴቱ ሳይወጣ። ያልከፈለኝ ሙሽራ ዛሬ ልጁን ሊድር ደርሷል፣ እኔ ገና እየጠበቅኩ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሠርግ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ያንን ጊዜ በብድር አሳለፍኩት። በኋላ ለሬዲዮ አጫጭር ድራማ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ «አዝና ገባች» ብዬ ነበር። አርታዒው «ማዘኗን ማን ያያል?» ብሎ መለሰልኝ። በሯን ቀስ ብላ እንድትዘጋ፣ «እራት በልተሻል?» ተብላም እንዳትመልስ አደረግኩ። ለካ ታፔላም እንደዚህ ነው፤ ቦታ ስለሌለህ ትርፉን ትጥላለህ።

ባነር ማተሚያ ማሽን ሲመጣ የታፔላው ገበያ ጠፋ። ብዙ ባልደረቦቼ እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ። እኔን ያዳነኝ ተሰጥኦ አይመስለኝም። ጥርና ሁዳዴ ቀድመው ሌላ ሥራ አስለምደውኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። የሚከፍተው ካፌ ታፔላ እንደ ድሮው በእጅ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ማሽን የጻፈው አልጣመውም። ምን ልጻፍ ብለው «ቡና» አለኝ። ጭረቷን ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ከዚያም መንገዱን ተሻገርኩ።